ሳይነቁ የተሰጠ የእምነት ቃል
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ ወይም ስለ ቧንቧ አይደለም፤ ስለ አንድ ጥፋታችን ነው። ጥፋቱ የማኅበሩ ስለሆነ በማኅበሩ ስም እንናገራለን።

በ2008 ዓ.ም. የአንዲት አባላችን ልጅ በስርቆት ተከሶ በዋስ ወጥቶ ነበር። ልጁ የሚጥል በሽታ አለበት። በቀጠሮው ዋዜማ ሌሊት በሽታው ደጋግሞ ጣለውና ሐኪም ቤት ተወስዶ ፌኖባርቢታል የሚባል መድኃኒት ተሰጠው። መድኃኒቱ በሽታውን ይይዛል፤ ግን እንቅልፍ ያመጣል፣ ራስ ያዞራል፣ ሰውን ያፈዛል። ጠዋት ደግፈን ወሰድነው። በር ላይ እኛው ሽማግሌ ነን ባዮቹ፣ «እመን ልጄ፣ ላመነ ይቀልለታል» አልነው። ዳኛው ክሱን አንብበው ሲጠይቁት «አዎ ጌታዬ» አለ። ደግመው ሲጠይቁትም «አዎ» አለ። በዚያው ቀን ተፈረደበት። በማግስቱ ስንቅ ይዘን ስንሄድ፣ «ምን ብዬ ነው የታሰርኩት?» ብሎ ጠየቀን። ምን ብለን እንመልስለት?

ወደ ይግባኝ ሄድን። ቅጣቱ ትንሽ ተቀነሰ፤ ጥፋተኛ የተባለው ግን አልተነሣም። ዓመት ከሦስት ወር ታስሮ ወጣ። ሰረቀ አልሰረቀ፣ አንድም ምስክር ሳይሰማ።

ከዚያ በኋላ ነው ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ዘንድ ሄደን የተረዳነው። ጉዳዩ የታየው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በቁጥር 134 ተከሳሹ ክሱን በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል፤ ከፈለገ ግን ማስረጃ ይቅረብ ማለትም ይችላል። በቁጥር 135 ደግሞ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት የእምነት ቃሉ መመዝገብ እንዳልነበረበት ከታየ፣ ዳኛው ወደ ክህደት ሊለውጠው፣ ጥፋተኛ የተባለውም ሊሰረዝ ይችላል። ቁጥር 185 ግን፣ አምኖ የተፈረደበት ሰው በቅጣቱ ካልሆነ በቀር ይግባኝ እንደማይል ይናገራል።

እንግዲህ አያችሁ? ሰፊው በር ክፍት የነበረው ከእምነቱ እስከ ቅጣቱ ድረስ ነው። ያን ጊዜ እኛ ደጅ ተቀምጠን «ይቀልለታል» እንባባል ነበር።

ሌላም የተሳሳትነው ነገር አለ። በይግባኙ ላይ «ልጁ በሽተኛ ነው» ብቻ ብለን ጻፍን። ይሄ አይበቃም። ወንጀሉ ተፈጸመ በተባለበት ሰዓት የነበረው የአእምሮ ሁኔታ አንድ ጉዳይ ነው፤ ቃሉን በሰጠበት ጠዋት የነበረው ሌላ ነው። መድኃኒት መውሰድ ብቻውንም ምክንያት አይሆንም፤ መድኃኒት እየወሰደ አእምሮው የጠራ ስንት ሰው አለ! መቅረብ ያለበት ይህ ነው፦ ምን መድኃኒት፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት ተሰጠው? ምን አደረገው? የሐኪም ቤቱ ካርድና በዚያ ቀን ያየው ሰው ይህን ያስረዳሉ።

ስለዚህ አደራ የምንለው፦

አንደኛ፣ ፍርድ ቤት ለመቅረብ ተብሎ መድኃኒት አይቋረጥ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ በሽታው ብሶ ይነሣል። መድኃኒቱ ይወሰድ፣ ከዳኛው ቀጠሮ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ «ጌታዬ፣ መድኃኒት ወስጃለሁ፣ የሚባለው በደንብ አይገባኝም» ማለት ነውር አይደለም። እሱ መናገር ካልቻለ ጠበቃው ይናገርለት። ጠበቃ የሌለው ይጠይቅ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል።

ሦስተኛ፣ ቃሉ ከተሰጠም ቅጣት ሳይወሰን በዚያው ሰዓት ይነገር። ቅጣቱ ካለፈ ነገሩ ይከብዳል፤ ሳይውል ሳያድር የሕግ ባለሙያ ይጠየቅ፣ የመዝገቡ ግልባጭና የሐኪም ቤቱ ካርድ ይያዝ።

አራተኛው ለእኛው ነው። ከእንግዲህ ከማኅበራችን ሽማግሌ ማንም በፍርድ ቤት በር ላይ «እመን» እንዳይል። የሠራ ሰው አእምሮው ጠርቶ፣ ገብቶት ይመን፤ ያልሠራ ደግሞ ለእኛ ይሉኝታ ብሎ አይመን።

ልጁ ዛሬ ከመካከላችን አለ። እናቱንም እሱንም በዚህ ስብሰባ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን።