ትምህርቱን ስናፈጥነው ድምፁ ምን ይሆናል?

(በደሴና በኮምቦልቻ አባላት የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ አያያዝ ትምህርት በቪዲዮ መከታተል ከጀመርን ወዲህ «እኔ እንኳ አልገባኝም፤ ጭንቅላቴ ደክሟል መሰለኝ» የምትል እህት አላጣሁም። ስልኳን ተቀብዬ ሳየው ፍጥነቱ 2 ላይ ነው። ወዳ አይደለም። ከፈረቃ ወጥታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጆች አስተኝታ የቀራት ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ዛሬ ጭንቅላትን ትቼ ስለ ድምፅ ልናገር።

በካሴት ዘመን ክሩ ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥን ነበር፤ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ይንጫጫል። የዛሬ ስልክ ግን ሌላ ዘዴ አለው። ድምፁን በጣም ጥቃቅን አድርጎ ይቆራርጠዋል፤ አንዱ ቁራጭ ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ ነው። ከዚያ ከመሀል እየቀነሰ የቀረውን ጫፍና ጫፉን ደርቦ ይገጥመዋል። ልብስ የምትሰፉ እህቶች ይህ ይገባችኋል። ሰፊ ቀሚስ ጠበብ ስታደርጉ ጨርቅ ትቀንሳላችሁ፣ ጥለቱ እንዳይዛነፍ ትጠነቀቃላችሁ፣ ስፌቱ ግን በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ያ የሚንቀጠቀጠው፣ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ የሚመስለው ድምፅ መጋጠሚያው ነው።

ምን ያህል እንደሚቀነስ እናስላ፤ ሒሳብ ተማሪዎች አይደለን? የ30 ደቂቃ ትምህርት በ1.25 ፍጥነት 24 ደቂቃ ይሆናል፤ ከድምፁ አንድ አምስተኛው ቀረ ማለት ነው። በ1.5 ደግሞ 20 ደቂቃ ነው፤ አንድ ሦስተኛው ሄደ። በ2 ግማሹ የለም።

አማርኛችን ደግሞ ይህን አይወድም። የእኛ ቋንቋ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም ይለውጣል። «ዋና» ላልቶ ሲነገር ውሃ ውስጥ መዋኘት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር የምትነግዱበት ዋና ገንዘብ። «ይሰጣል» ላልቶ ሰጪውን ይናገራል፤ ጠብቆ ሲነገር ነገሩ ለሌላ የሚሰጥ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ማን ሰጠ፣ ለማን ተሰጠ የሚለው ቁጥሩን ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውረዋል። የጠበቀውን ከላላው የሚለየው የድምፁ ርዝመት ነው፤ ሲፈጥን ያ ልዩነት ይጠባል። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» የመሳሰሉት ፈንዳ ብለው የሚጠፉ ድምፆችም ቁራጭና ቁራጭ ሲደራረብ ይደበዝዛሉ። ከኋላ ሙዚቃ ካለ፣ ወይም ትምህርቱ በሚያስተጋባ አዳራሽ ከተቀዳ ይብሳል። ሐረጎን በሚኒባስ እየወረዳችሁ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከሰማችሁትማ ምኑ ይያዛል?

ብዙዎቻችሁ የምታፈጥኑት ጥቅል ለመቆጠብ ነው። አይቆጥብም። ቪዲዮው ያው ቪዲዮ ነው፤ በእጥፍ ፍጥነት ያያችሁት እንደሆነ ያንኑ ዳታ በግማሽ ጊዜ ይበላዋል። ለመቆጠብ የምስሉን ጥራት ወደ 144 ወይም 240 አውርዱ። ሰንጠረዥ ሲጻፍ ቁጥሩ ስለማይነበብ ያኔ ወደ 360 መልሱት። የሚወርድ ትምህርት ከሆነ አውርዳችሁ አስቀምጡ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ የረዳን ስልካችን ላይ የነበረው ብቻ እንደነበር አትረሱም።

አታፍጥኑ አልልም፤ ጊዜ ከየት ይመጣል? የምታውቁትን፣ መግቢያውንና ሰላምታውን በ1.5 እለፉት። አዲስ ነገር ሲጀምር ወደ 1 ተመለሱ። በቀረው 1.25 ይበቃል፤ ከግማሽ ሰዓት 6 ደቂቃ ማትረፍ ቡና ያፈላል። መምህሩ በእንግሊዝኛ ከሆነ የሚናገረው 0.75 ማድረግም ነውር የለውም። ያወረዳችሁትን በቪኤልሲ ስትከፍቱ ድምፁ እንደ ድሮው ካሴት ከቀጠነ፣ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ሲፈጥን የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚጠብቀውን ምርጫ አብሩት።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ትምህርት ስታስቀዱልን ከጀርባ ሙዚቃ አታድርጉበት፤ ማይኩም ለመምህሯ አፍ ይቅረብ። በየቡድኑ ጥቂት የጆሮ ማዳመጫ ብትጨምሩልን ደግሞ ሌላ ስልክ ከመግዛት በላይ ይጠቅመናል።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። የባለፈውን ሳምንት የዱቤ ትምህርት ክፈቱና የጥርስ ምልክቷን ንኩ፤ «ፍጥነት» የሚለው እዚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ በ2፣ ከዚያ በ1.25 እንስማውና መምህሯ «ይሰጣል» ስትል አጥብቃ ይሁን አላልታ ትነግሩኛላችሁ።