ጣና ዳር ሆኖ ውሃን ማንጠባጠብ

አቅራቢ 1፦ የወጥ ቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ብዙዎቻችን እጀታውን ይበልጥ እናጠብቃለን። ይህ ጉዳቱን ያባብሳል፤ ውሃውን የምታግደው በውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ ናትና፣ በተጫንናት ቁጥር ትቆራረጣለች። በየሰከንዱ የምትወድቅ ጠብታ በቀን 86,400 ትሆናለች፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ትቃረባለች።

አቅራቢ 2፦ ግን ጣናን የሚያህል ሐይቅ ደጃችን እያለ ስለ ጠብታ ለምን እንጨነቅ የሚል አድማጭ አይጠፋም።

አቅራቢ 1፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የባሕር ዳር የቧንቧ ውሃ በዋናነት የሚመጣው ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ በፓምፕ ተገፍቶ፣ በክሎሪን ታክሞ፣ በቆጣሪ ተለክቶ። ሐይቁ ስለሞላ ይህ ወጪ አይቀንስም።

አቅራቢ 2፦ ታዲያ ባለሙያ መጥራት የግድ ነው?

አቅራቢ 1፦ ለተለመደው ባለ ጎማ ቧንቧ፣ በመጀመሪያ አይመስለኝም። ውሃው ከአፉ ከተንጠባጠበ አብዛኛውን ጊዜ ጎማዋ አልቃለች፤ ከእጀታው ሥር ከወጣ ግን ማሸጊያው ላልቷል። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዝጉ፣ የቀረውን ውሃ አፍስሱ፣ በእንግሊዝ መፍቻ ፍቱ፣ አሮጌዋን ጎማ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና ልኳን ግዙ። አዲሷም ካንጠባጠበች ጎማዋ የምታርፍበት ብረት ተቦርቡሯል፤ ቧንቧ ሠራተኛ የምትጠሩት ያኔ ነው። አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ ቧንቧችሁን ዝጉና አፉን ለአፍታ ተመልከቱት።