ጭላሎ በጨለማ ክፍል
(በፎቶግራፍ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከአሰላ ከተማ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው የጭላሎን ተራራ ያያል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስትሆን፤ ተራራው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ይህን አገር በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ያነሣ ሁሉ አንድ ችግር ያውቃል። ይኸውም የገብሱ ማሳ በደንብ ሲወጣ ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ መቅረቱ ነው። ምክንያቱም ፊልም የያዘውን የብርሃንና የጥላ ልዩነት ሁሉ ወረቀት ሊይዘው አይችልም። ደመናው ግን በኔጋቲቩ ላይ አለ፤ ማውጣቱ የአታሚው ፋንታ ነው።

በቅድሚያ ከወረቀቱ ቁራጭ ወስደን፤ በካርቶን ደረጃ በደረጃ እየሸፈንን፤ በየ5 ሴኮንዱ ብርሃን እንሰጠዋለን። ሲታጠብ ለማሳው ስንት፤ ለሰማዩ ስንት ሴኮንድ እንደሚበቃ ይነግረናል። ለማሳው 10፤ ለሰማዩ 25 ነው እንበል። መላውን ወረቀት 10 ሴኮንድ ካበራን በኋላ፤ ማሳውን በካርቶን ከልለን ለሰማዩ 15 እንጨምርለታለን። ካርቶኑ ሳያቋርጥ መነቃነቅ አለበት፤ ከቆመ በተራራው ጫፍ ላይ መሥመር ይቀራል።

የአሰላ ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ዴቨሎፐሩ 20 ዲግሪ ገደማ ካልሆነ ሥራው ይጓተታል፤ ጥቁሩም ግራጫ ይሆናል። መፍትሔው ሳሕኑን ለብ ያለ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እርጥብ ፎቶግራፍንም አትመኑ፤ ሲደርቅ ጠቆር ይላል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በአንድ የበልግ ወራት ያነሣሁትን ሳትም፤ ሰማዩ አላጠግብ ብሎኝ 60 ሴኮንድ ጨመርኩለት። ስሱ ደመና የሐምሌ ደመና መሰለ። ጓደኞቼም አደነቁልኝ። የማሳው ባለቤት ለሆኑት አዛውንት ወስጄ ባሳያቸው ግን፤ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፤ «ልጄ፤ ይህ ዝናብ የት ዘነበ? እኛ ያን ጊዜ ሰማይ ሰማይ ስናይ ከረምን፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ቀረ» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ጓደኞቼ፤ ኔጋቲቩ የያዘውን ማውጣት የአታሚ ግዴታ ነው። ያልነበረ ዝናብ መጨመር ግን የሰውን ችግር መሸፈን ነው። ያንኑ ፎቶግራፍ እንደገና፤ ሰማዩን በ25 ሴኮንድ አትሜ ወሰድኩላቸው። ደመናው ስስ፤ ማሳውም ደረቅ ነው። ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት ይኸኛውን ነው።