ከሌሊት ፈረቃ ለሚመለሱ

በዚህ የጠዋት ሰዓት ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተው በሰርቪስ ወደ ገርጂና ሰሚት የሚመለሱ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች አሉ፤ የዛሬው ሐሳብ ለእነሱ ነው።

በቀጥታ በረራ የምንደርስባት ሕንድ አዩርቬዳ የተባለ ጥንታዊ የጤና ትምህርት አላት። እንደ እሱ አባባል ጉዞ፣ እንቅልፍ ማጣትና የተዘበራረቀ የምግብ ሰዓት ‹ቫታ› የሚባለውን የሰውነት ነፋስ ያውካሉ። መድኃኒቱ ትኩስ የበሰለ ምግብ በቋሚ ሰዓት መብላት፣ ዋናውን ማዕድ እኩለ ቀን ላይ ማድረግ፣ እራትን ማቅለል፣ ገላን ለብ ባለ የሰሊጥ ዘይት ማሸት ነው። የነፋሱን ነገር ሳይንስ አላረጋገጠውም፤ ሰዓት መጠበቁን ግን ዘመናዊ ተመራማሪዎችም ይደግፉታል፤ ጉበትና አንጀትም የራሳቸው ሰዓት አላቸውና።

ለትኩሱ ምግብ ደግሞ ቅመም ከሙምባይ ማስጫን አያስፈልግም፤ ዝንጅብሉም፣ እርዱም፣ አብሹም ሾላ ገበያ ሞልቷል። እኔ ብሆን የጠዋቱን ቡና (ይቅር በሉኝ!) ለከሰዓት አቆይቼ፣ ዝንጅብል የገባበት የምስር ሾርባ ጠጥቼ፣ መጋረጃ ጋርጄ እተኛለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በአዩርቬዳ ስም በሚሸጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ውስጥ እርሳስና ሜርኩሪ ተገኝቷል። በሻንጣ የመጣላችሁ እንክብል ካለ ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትወስዱት።