ላፕቶፕ ከመለወጥ በፊት ካርዱን ስለ መለወጥ
(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣንበት ጉዳይ ከአንድ ትልቅ ቴምብር እምብዛም የማይበልጥ ዕቃ ነው። ይኸውም በላፕቶፕ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ከአየር የሚቀበልና ወደ አየር የሚልክ የዋይፋይ ካርድ ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ እንዳይናቅብን ምክንያታችንን አስቀድመን እንግለጽ። ከመካከላችን ብዙዎች ኮምፒዩተራቸው ሌላው አካሉ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ «ኢንተርኔት አይስብም» ብለው ሊሸጡት ሲያስማሙ እንሰማለን። ይህ ዕቃ ወላጅ ከስንት ነገር ቈጥቦ የገዛው ነው። እኛ እንደምናስበው ግን እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ የሚጐድለው አንድ ካርድ ብቻ ነው። የካርዱም ዋጋ ወደ 20 የአሜሪካ ዶላር ግድም ነውና ከአዲስ ኮምፒዩተር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ የካርዱ መሆኑ ሳይረጋገጥ 20 ዶላርም ቢሆን ማውጣት አይገባም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ በዚያው ዋይፋይ፣ ያንኑ ፋይል በላፕቶፑም በስልካችሁም አውርዱ። ስልኩ ፈጥኖ ላፕቶፑ ከዘገየ ነገሩ ከላፕቶፑ ነው። ሁለቱም እኩል ከዘገዩ ግን ካርዱ ንጹሕ ነው፤ ጠባቡ ወደ ሕንፃው የሚገባው መስመር ወይም ራውተሩ ነው። ወደ ሕንፃው 10 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ እየገባ 867 ሜጋቢት የሚቀበል ካርድ መግዛት ከጭላጭ ላይ በትልቅ ጭልፋ እንደ መቅዳት ያለ ነው። እንዲህ ላለው ችግር የሚያስፈልገው ካቻቢቴ ሳይሆን ለአስተዳደሩ የሚጻፍ ማመልከቻ ነው።

አሁን ጥቂት ታሪክ እንጨምር፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። 802.11 የተባለው የሽቦ አልባ ደንብ በ1997 ሲወጣ የፍጥነቱ ወሰን 2 ሜጋቢት በሰከንድ ነበር። በ1999 ቢ የተባለው 11 ሜጋቢት አደረሰው። ኤን የተባለው በ2009፣ ኤሲ የተባለው በ2013 ወጡ፤ ዋይፋይ 6 የሚባለውም በ2019 በገበያ ላይ ይመሰከርለት ጀመር። በ2012 ገደማ የተሠሩ ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች የያዙት ካርድ የኤን ወገን ሆኖ አንድ አንቴና ብቻ ያለውና 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ ብቻ የሚያውቅ ነው። እንዲህ ያለው ካርድ በተለመደው የቻናል ስፋት በወረቀት ላይ እንኳ ከ72 ሜጋቢት አያልፍም። በ2013 የወጣው ኢንቴል 7260 ደግሞ በሁለት አንቴና፣ በ5 ጊጋኸርዝ፣ እስከ 867 ይደርሳል። በተግባር የሚገኘው ከዚህ ግማሽ ያህል ቢሆንም ልዩነቱ በዐይን የሚታይ ነው።

እስካሁን ስለ ግል ጥቅም ተናገርን። ይህን ንግግር በማኅበራችን ፊት ማቅረብ የፈለግነው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ አየሩ የጋራ ነውና። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሰብሳቢ እንደሌለው ጉባኤ ናቸው። እያንዳንዱ ሌላው ዝም ማለቱን አዳምጦ ይናገራል፤ እሱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። (ዋይፋይ 6 ይህን ጥቂት አሻሽሎታል፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገን አዲስ ሲሆኑ ነው።) ደንቡ ለሁሉ እኩል የመናገር ተራ ይሰጣል እንጂ እኩል ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚናገር መሣሪያ ተራው በደረሰ ቍጥር ጉባኤውን ሁሉ ያስጠብቃል። 100 ሜጋባይት ማለት 800 ሜጋቢት ነው፤ ይህን ፋይል በ72 ሜጋቢት ለማውረድ አየሩ ቢያንስ 11 ሰከንድ ይያዛል፤ በ867 ግን አንድ ሰከንድ አይሞላም። በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል የነበሩ ተመራማሪዎች በ2003 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ባለ 11 ሜጋቢት በሆኑ ኮምፒዩተሮች መካከል አንድ ባለ 1 ሜጋቢት ቢገባ የሁሉም ፍጥነት ከ1 ሜጋቢት በታች ይወርዳል። ዛሬ አንዳንድ ራውተሮች ጊዜውን እኩል በማካፈል ይህን ያለዝባሉ፤ ሁሉም ግን አያደርጉትም።

በቤተ መጻሕፍት 60 ሰው ተቀምጦ ሲያነብ ነገሩ ምን እንደሚመስል እናንተው ታውቃላችሁ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርሳቸው የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በዚያው ላይ ብሉቱዙም፣ የማይክሮዌቭ ምድጃውም ይጋፋሉ። 5 ጊጋኸርዝ ብዙ ቻናል አለው፤ ጉድለቱ ወፍራም ግድግዳ ማለፍ የሚያቅተው መሆኑ ነው። እንግዲህ አንድ ጓደኛችን ካርዱን ለውጦ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ሲሻገር ለራሱ ከማግኘቱ ሌላ በአሮጌው ሞገድ ላይ ለቀሩት ቦታ ይለቅላቸዋል። መለወጥ ያልቻለውን ለመውቀስ ይህን አልተናገርንም፤ አቅም የሁሉም እኩል አይደለምና። ማኅበሩ ካርዶችን በጅምላ ቢያስመጣ ግን ለተገዛለት ሰው ብቻ የተደረገ ርዳታ እንዳይመስላችሁ ነው።

ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት የኮምፒዩተሩን ሞዴል ቍጥር መያዝና ክዳኑን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። በ2012 አካባቢ የተሠሩት የሚቀበሉት ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተባለውን ካርድ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ኤም.2 የተባለውን፣ 22 በ30 ሚሊ ሜትር የሆነውን ይቀበላሉ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ የአንቴናቸው መሰኪያም መጠን ይለያያል።

ሻጮችም ገዢዎችም የሚሳሳቱበት ሌላ ነገር አለ። ኢንቴል ኤኤክስ 200 እና ኤኤክስ 201 ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። 200 ራሱን የቻለ ካርድ ነው። 201 ግን ግማሽ ሥራው ለኢንቴል ፕሮሰሰርና ለማዘርቦርዱ የተተወ ስለ ሆነ ለእርሱ ተብሎ ካልተሠራ ኮምፒዩተር በቀር የትም አይሠራም፤ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለው ላይማ ከቶ አይሆንም። ስለዚህ በመጨረሻዋ አኃዝ ላይ ተከራከሩ። በ2020 የወጣው ኤኤክስ 210 እንደ 200 ራሱን የቻለ ነው። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ለ200 ከርነል 5.1፣ ለ210 ደግሞ ከርነል 5.10 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋችኋል።

አንዳንዱ ላፕቶፕ ደግሞ ካርዱ ከነአካቴው ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ የተሠራ ነው። የ2018ቱ ዴል ኤክስፒኤስ 13 እንዲህ ነው። በአንጻሩ በ2021 ገበያ የወጣው ፍሬምወርክ የተባለው ላፕቶፕ ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ እንዲለውጥ ታስቦ ተሠርቷል። መቅጠን ማስበየድን ግድ እንደማይል ይህ በቂ ማስረጃ ይመስለናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቈጣን ግን ካርዱ በትክክል ገብቶ፣ ብሎኑ ታስሮ፣ ኮምፒዩተሩ ሲበራ «ያልተፈቀደ የኔትወርክ ካርድ ገብቷል፤ አጥፍተህ አውጣው» ብሎ ሲቆም ነው። ይህ በሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ስሕተት 1802 ተብሎ የሚታወቀው ነው፤ የኤች ፒ ኮምፒዩተሮችም 104 በሚል ቍጥር ተመሳሳይ ክልከላ ነበራቸው። ነገሩ የብልሽት አይደለም። ባዮስ በተባለው የመነሻ ፕሮግራም ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር ተጽፏል፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሁሉ ይባረራል። ለክልከላው የሚሰጠው ምክንያት የሬድዮ ሕግ ነው፤ ካርዱና አንቴናው በአንድነት ተመርምረው ፈቃድ አግኝተዋልና ሌላ ካርድ ቢገባ ፈቃዱ ይፈርሳል ይባላል። ምክንያቱ ፈጽሞ ባዶ ነው አንልም። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌሎች ኩባንያዎች ይህን ዝርዝር ሳያስገቡ ላፕቶፕ ሲሸጡ ነበር። ሌኖቮና ኤች ፒም በኋላ ባወጧቸው ሞዴሎች እየተዉት መጥተዋል። ታዲያ ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን የገዛ ሰው በገዛ ዕቃው ላይ የትኛውን ካርድ ልግጠም ብሎ ፈቃድ የሚጠይቀው ስለ ምንድር ነው? የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ አንድ ቀን ክርክር ቢያዘጋጁልን ደስ ይለናል። እስከዚያው የቲንክፓድ ባለቤት የሆነ ሰው በሞዴሉ የተፈቀዱትን ካርዶች አስቀድሞ ይፈልግ፤ ከዝርዝሩ መካከልም ባለ 5 ጊጋኸርዝ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ያ ካልሆነለት፣ ወይም ካርዱ የተበየደ ከሆነ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር አለ። አያምርም፤ ቦርሳ ውስጥም ይሰበራል፤ ግን ይሠራል።

ሥራው ራሱ ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የአዲሱን ካርድ ድራይቨር አሮጌው ካርድ ሳይወጣ አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙ፤ ካርዱ ከወጣ በኋላ ማውረጃ የላችሁምና። ኮምፒዩተሩን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ ወይም ገመዱን ከማዘርቦርዱ ንቀሉ፤ ብረት ነገር በእጃችሁ ነክታችሁ በሰውነታችሁ ያለውን ኤሌክትሪክ አፍስሱ። አንቴናዎቹን ሳትነኩ በስልክ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የትኛው ሽቦ የት እንደ ነበረ በኋላ ትረሱታላችሁ። ሽቦዎቹ በማጠፊያው በኩል ወደ ስክሪኑ የሚወጡ ቀጫጭኖች ስለሆኑ ሽቦውን ይዞ መጐተት አይገባም። ጫፉን በጥፍር ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ማንሣት ነው። በአሮጌዎቹ ካርዶች ላይ ያሉት ትንንሽ መሰኪያዎች ወደ 30 ጊዜ ያህል ብቻ እንዲሰኩና እንዲነቀሉ ተብለው የተሠሩ ናቸውና ለመማር ብላችሁ አትመላለሱባቸው። ብሎኑ ሲፈታ ካርዱ በራሱ ቀና ይላል፤ አዲሱ በዚያው ማዕዘን ይገባና ተጭኖ ይታሰራል። ክዳኑን ስትከፍቱ አንድ የአንቴና ሽቦ ብቻ ካገኛችሁ 867 የሚለውን ተስፋ ወደ 433 አውርዱት፤ ለሁለተኛው አንቴና ኩባንያው ሽቦ አልዘረጋላችሁም።

የወጣውን አሮጌ ካርድ አዲሱ በመጣበት ከረጢት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። አዲሱ ቢበላሽ መመለሻ ይሆናችኋል፤ ኮምፒዩተሩ ዋስትና ላይ ከሆነም ወደ ጥገና ሲላክ የመጀመሪያው ካርድ መልሶ ቢገባ ይሻላል። አሁን በጠረጴዛው ላይ ሁለት ላፕቶፖች ክዳናቸው ተከፍቶ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ሁለተኛው ኤም.2 ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁ ጓደኞቻችን ቅረቡ፤ ካቻቢቴው አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ ነው።