ለድመቶቻችን ምን እንጨምርላቸው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰማው ንግግር)



ስለ ድመት ልናገር መነሣቴን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ ይታየኛል። ይሁን። ግን ገብሳችንንና ስንዴያችንን በጎታ አስቀምጠን ሌሊት የምንተኛው በማን ተማምነን ነው? አይጥ ከምትበላው ይልቅ በሽንቷ የምታበላሸው ይብሳል። ስለሆነም የድመት ጤና የእህላችን ጉዳይ ነው፣ ጨዋታ አይደለም።

ሰሞኑን በየቤቱ የማየው ነገር አለ። ድመቷ ከሳች፣ ፀጉሯ ረገፈ ይባልና ከአዲስ አበባ ከዘመድ የቫይታሚን ጠርሙስ ይላካል። ሌላው ደግሞ ለሰው የታዘዘ ክኒን ፈጭቶ በወተት ይሰጣታል። ይህ ነገር መልክ መያዝ አለበት ብዬ የእንስሳት ጤና ባለሙያም ጠይቄ፣ ያገኘሁትንም አንብቤ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ድመት እንደ ውሻ አይደለችም። ውሻ በእንጀራ ፍርፋሪ ይከርማል። ድመት ግን ሥጋ በል ሆና የተፈጠረች ናት። ታውሪን የሚባል ነገር ያስፈልጋታል፤ ይህም በሥጋ እንጂ በእህል ውስጥ የለም፣ ሰውነቷም የሚበቃትን ያህል ራሱ አይሠራላትም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 ተመራማሪዎች ታውሪን ያጡ ድመቶች ዓይናቸው እየጠፋ እንደሚሄድ አረጋገጡ። በ1987 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች የልብ ድካምም ከዚሁ እንደሚመጣ ደረሱበት። የታሸገ የድመት ምግብ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ታውሪን እንዲጨምሩ ያደረጋቸው ይኸው ነው። ልቧ የደከመ ድመት በጊዜ ከተደረሰላት ልትድን ትችላለች፤ የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም።

እንግዲህ ወደ እኛ ቤት እንምጣ። አይጥ የምትይዝ ድመት ምንም ተጨማሪ አያሻትም። አይጧ ከነአጥንቷ፣ ከነልቧ፣ ከነጉበቷ ሙሉ ምግብ ናት። የሚቸገሩት እናት ድመት፣ ግልገል፣ ያረጀች፣ ደግሞም ቤት ተዘግቶባት የምትውል ናቸው። በተለይ በዐቢይ ጾም። 55 ቀን ሙሉ በቤታችን ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለም፣ ድመቷም አብራን ሽሮ ስትልስ ትከርማለች። አንድ አባት ይህንን ስነግራቸው «የነነዌ ከብትስ ጾሞ የለም ወይ?» ብለው ሳቁብኝ። አዎን ጾሟል፤ ግን የእርሱ ሦስት ቀን ነው!

ሽሮውም ቢሆን ጉዳት አለው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የድመትን ደም ያበላሻል። በርበሬያችን ውስጥም ነጭ ሽንኩርት አለ። ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ለድመት አይሆንም።

ታዲያ ምን እንስጣት? የበግ ልብ በታውሪን የበለጸገ ነው፤ ከበዓል እርድ ትንሽ ቁራጭ ለድመቷ ብናስቀር አንደኸይም። ጣፊያም ይሆናል። ሥጋው ይቀቀል፣ መረቁም አብሮ ይሰጣት፤ ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን መድፋት ጥቅሙን መድፋት ነው። ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ዕብጠት ከታየ ግን ለድመትም ለውሻም አይጣል፣ በጥልቀት ይቀበር። ጉበት ጥሩ ነው፤ ካሮት ለድመት የማይሰጣትን ቫይታሚን ኤ የምታገኘው ከእርሱ ነው። ሆኖም በሳምንት አንድ ጊዜ አውራ ጣት የምታክል ትበቃለች። ዕለት ዕለት ጉበት የምትበላ ድመት የአንገት አጥንቷ ተጣብቆ መዞር ያቅታታል።

ለጾሙ ጊዜ የምመክረው ቋንጣ ነው። ከመግቢያው በፊት ጨውም በርበሬም ያልነካው ጥቂት ሥጋ በቀጭኑ ተዘልዝሎ ይሰቀል፤ ሲደርቅ በደረቅ ዕቃ ይቀመጥና እየተቀቀለ በትንሽ በትንሹ ይሰጣት። ዶሮዎቻችን እንደሆኑ በጾምም መጣላቸውን አይተዉም። ከሚሸጠው መካከል በሳምንት አንድ የተቀቀለ እንቁላል ቢደርሳት ደግ ነው፤ እንቁላል ግን ሥጋን አይተካም። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ የሚበላ ግልገል እግሩ ይጎብጣል። ለእርሱ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ይፈጭና ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይደባለቅለት። የተቀቀለ አጥንት እንዳይሰጥ፣ ተሰንጥሮ ጉሮሮ ይወጋል። ወተት ብዙዎች ይወዱላታል፣ እርሷም ትወደዋለች፤ ያደገች ድመትን ግን ብዙ ጊዜ ያስቀምጣታል፣ የሥጋንም ቦታ አይሞላም።

ከጠርሙሱ ጉዳይ ላይ ልድረስ። የሚላክላችሁ ዕቃ ለድመት ተብሎ የተጻፈበት ካልሆነ አትስጧት። ታውሪን የሚል ካለበት እሰየው፤ ልኩ የሚሰጠው በክብደቷ ነውና ማንበብ የሚችል ልጅ ያንብብላችሁ። የሰው ቫይታሚን ብረትና ቫይታሚን ዲ ይበዛበታል፣ ለትንሽ አካል መርዝ ነው። ፓራሲታሞልማ በፍጹም! አንዲት ፍሬ እንኳን ድመት ልትገድል ትችላለች፤ ሰውን የሚያድነው ለእርሷ ደሟን የሚያበላሽ ነው። ደግሞ ክሳትና የፀጉር መርገፍ ከወስፋትና ከቁንጫም ይመጣል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ቫይታሚን ስላልሆነ ድመቷን በጆንያ ሳይሆን በቅርጫት አድርጋችሁ ባለሙያ አሳዩ። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ድመት ላይ እንዳይደረግ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፣ እርሱም ሁላችንን የሚመለከት ነው። የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ቤት አለ። መርዝ የበላች አይጥ እዚያው አትሞትም፣ ጎረቤት ጓሮ ትደርሳለች። የጎረቤት ድመት ትበላታለች፣ ድመቷም ትሞታለች፤ ከዚያ በኋላ ለሰፈሩ አይጥ ጠባቂ የለም። መርዙን መሬት ላይ የሚያገኝ ሕፃንም አለ። ስለዚህ መርዝ ያስቀመጠ ሰው ለግራና ለቀኝ ጎረቤቱ አስቀድሞ ይንገር፣ የሞተችውንም አይጥ ጠዋት ለቅሞ ይቅበር። በዚህ የምትስማሙ ስማችሁን ከሰሌዳው ሥር በተንጠለጠለው መዝገብ ላይ አስፍሩ፤ የማትስማሙም በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥታችሁ ምክንያታችሁን ተናገሩ።