የሳህን ማጠቢያ መኪና የብልሽት ምልክትና የጠጋኙ ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የቤት ውስጥ መሣሪያዎችን የሚጠግን ባለሙያ ዛሬ ከደንበኛው ቤት ሲደርስ የሚጠብቀው የተበላሸ መኪና ብቻ አይደለም፤ መኪናው ስለ ራሱ ሕመም የጻፈው አንድ ፊደልና ሁለት አኃዝም አብሮ ይጠብቀዋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው፣ ከባለሙያውም ወገን ጭምር፣ ምርመራው አስቀድሞ እንደ ተፈጸመና የቀረው ሥራ ዕቃ መለወጥ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ ይቈጥረዋል። ይህ ግምት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት አንድ ምልክት መርጦ እስከ ሥሩ መመርመር ይበቃል። ለዚህም በቦሽና በሲመንስ ስም በሚሸጡት የሳህን ማጠቢያ መኪናዎች ላይ ዘወትር የሚታየው «ኢ 15» የተሰኘው ምልክት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ጆሴፊን ኮክሬን የተባለችው አሜሪካዊት በ1886 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘችበት የሳህን ማጠቢያ በእጅ የሚዞር ነበር። ውሃ ቢያፈስ ወለሉ ይረጥባል፤ ከዚያ የበለጠ ምልክት የሚፈልግ አልነበረም። በኋላ በሰዓት ቈጣሪ የሚታዘዙት መኪናዎች ሲመጡ ደግሞ ጠጋኙ ጆሮውን አስጠግቶ ቫልቩ ሲከፈት፣ ፓምፑ ሲነሣ፣ ቈጣሪው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ሲያልፍ ይሰማ ነበር። ማይክሮፕሮሰሰሩ ይህን ሁሉ ወደ ውስጥ ወስዶ በምትኩ አጭር ቃል ሰጠ። ቃሉ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው መኪናው ያየውን እንጂ የሆነውን ሁሉ አይደለም።

«ኢ 15» ሲጻፍ መኪናው ያየው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ከማጠቢያው ገንዳ በታች፣ ከመኪናው መቀመጫ ላይ አንድ ትሪ ተዘርግቷል። በትሪው ላይ ከነጭ ፎም የተሠራ ተንሳፋፊ ያረፈ ሲሆን፣ ከበላዩም ማይክሮ ስዊች አለ። ውሃ ከየትም ይምጣ ከትሪው ሲጠራቀም ተንሳፋፊው ከፍ ይላል፤ ስዊቹን ይገፋል፤ ቦርዱም የውሃ መግቢያውን ቫልቭ ዘግቶ የፍሳሹን ፓምፕ ያስነሣል። የሆነው ይኸው ነው። ውሃው ከቱቦ ይሁን ከጋስኬት፣ ከበሩ ይሁን ከሳሙናው አረፋ፣ ቦርዱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ደንበኛው ስልክ የሚደውለው አብዛኛውን ጊዜ በፓምፑ ምክንያት ነው። መኪናው ቢዘጋም፣ በሩ ቢከፈትም ፓምፑ ማጉረምረሙን አያቆምም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ሊያድር ይችላል። እዚህ ላይ ጀማሪው ባለሙያ ይሳሳታል፤ ፓምፑ ውሃውን ማውጣት አቅቶታል ብሎ አዲስ ፓምፕ ያዛል። ፓምፑ ግን የሚያወጣው የገንዳውን ውሃ እንጂ የትሪውን አይደለም፤ ትሪው ከፍሳሽ መስመሩ ጋር አልተገናኘምና። ስለሆነም ጤነኛው ፓምፕ ባዶ ገንዳ ሲጠባ ያድራል፤ ተንሳፋፊውም ከፍ እንዳለ ይቆያል።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም የተሳካ ጥገና ይመስላል። መኪናው ከቦታው ወጥቶ ወደ አንድ ወገን ሲጋደል የትሪው ውሃ ይፈስሳል፤ ተንሳፋፊው ይወርዳል፤ ምልክቱም ይጠፋል። መኪናው ያጥባል፤ ደንበኛው ያመሰግናል፤ ሂሳብ ይከፈላል። ማፍሰሻው ቀዳዳ ግን በነበረበት አለ። ማፍሰሱ ጥቂት በሆነ ጊዜ ውሃው በመካከሉ እየተነነ ምልክቱ ለሳምንታት ላይመለስ ይችላል፤ ሲመለስ ግን ደንበኛው ሌላ ብልሽት ደረሰ ብሎ ሁለተኛ ይከፍላል። መኪናውን ማጋደል እንደ ምርመራ መጀመሪያ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለብቻው ዋጋ የሚጠየቅበት ሥራ ግን አይደለም።

ትክክለኛው ምርመራ የሚጀመረው ስፒናውን ከሶኬት በመንቀልና የውሃውን ቧንቧ በመዝጋት ነው። መኪናውን በራሱ ማጥፊያ መዝጋት አይበቃም፤ ፓምፑ ራሱ ይህን ይመሰክራል። 220 ቮልትና የረጠበ ላሜራ በአንድ ቦታ ባሉበት ለመቸኰል የሚያበቃ ምክንያት የለም። ከዚያ ከበሩ በታች ያለው መሸፈኛ ይፈታና በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይታያል።

በትሪው ያለው ውሃ ተጠርጎ ከመጣሉ በፊት ሊመረመር ይገባዋል። ብዙዎች በስፖንጅ ጠርገው ይደፉታል፤ ከሁሉ የበለጠውን ማስረጃም አብረው ይደፉታል። ውሃው ጥሩና ንጹሕ ከሆነ የመጣው ከመግቢያው ወገን ነው ማለት ይቻላል፤ ይኸውም ከቫልቩ፣ ከመግቢያው ቱቦ ወይም በመኪናው ጎን ከሚገኘው የውሃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ድርብ ግድግዳ ያለው የአኳ ስቶፕ ቱቦ ከሆነ ደግሞ የውስጠኛው ቱቦ ሲቀደድ ውሃው በውጪኛው ውስጥ አልፎ ወደዚሁ ትሪ ይወርዳል፤ ቱቦው ከውጭ ሲዳሰስ ደረቅ መሆኑ ባለሙያውን ሊያታልለው አይገባም። ውሃው ቅባት ወይም የምግብ ርዝራዥ ካለበት ግን ገንዳውን ያየ ውሃ ነውና ከገንዳው ሥር ፓምፖቹ የተገጠሙበት ክፍል ጋስኬት፣ የፓምፑ ማኅተም፣ የበሩ ላስቲክ ወይም የፍሳሹ ቱቦ ማሰሪያ ይጠረጠራል።

በጣት ሲዳሰስ የሚያሟልጭና አረፋ የሚያወጣ ውሃ ከተገኘ ደግሞ ምናልባት የተበላሸ ዕቃ ጨርሶ አይኖርም። በእጅ ለማጠብ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሳሙና በዚህ መኪና ሲጨመር አረፋው ገንዳውን ሞልቶ በበሩ ጠርዝ ይወጣና ወደ ትሪው ይወርዳል። የመኪናው ሳሙና ባለቀ ዕለት በአቅራቢያ የተገኘውን ማንሣት የተለመደ ነው። በአዲስ አበባ ቤቶች ስልክ የሚደውለው የቤቱ ባለቤት ሲሆን፣ ሳህኑን የምትደረድረውና ሳሙናውን የምትጨምረው ግን ብዙ ጊዜ ሠራተኛዋ ናት። በአሠሪዎቿ ፊት «ምን ጨመርሽበት?» ተብላ ስትጠየቅ እውነቱን መናገር ይከብዳታል፤ ሰበርሽ እንዳትባል ትፈራለችና። ባለሙያው ብቻዋን በምትሆንበት ጊዜ «እኅቴ፣ ሳሙናው ሲያልቅ በየትኛው ታጥቢያለሽ?» ብሎ በደኅና ቃል ቢጠይቃት የአንድ ሰዓት ፍለጋ ሊቀርለት ይችላል። ፈውሱም ትሪውን ማድረቅና አረፋው እስኪጠፋ ድረስ መኪናውን ያለ ሳሙና ማለቅለቅ ነው፤ ከዚህ በኋላ ለአሠሪዎቹ «መኪናው አልተሰበረም፤ የራሱ ሳሙና ይገዛለት» ማለት ይበቃል።

አረፋ ካልሆነ ትሪው ፈጽሞ ደርቆ ነጭ ወረቀት ይነጠፍበትና መኪናው በባለሙያው ዓይን ሥር ይሠራል። መጀመሪያ የረጠበው የወረቀቱ ክፍል ከበላዩ ያለውን ጥፋተኛ ያመለክታል። ጠብታው የሚታይበት ጊዜም ብዙ ይናገራል፤ ውሃ ሲገባ ከሆነ መግቢያው፣ ሲታጠብ ከሆነ ማዞሪያው ፓምፕና ጋስኬቱ፣ ሲፈስስ ከሆነ የፍሳሹ ቱቦ ነው። ማፍሰስ የሚጀምረው ውሃው ከጋለ በኋላ ብቻ የሆነበት ጊዜም አለና ፍተሻውን በቀዝቃዛው ማለቅለቂያ ማቆም አይገባም።

ትሪው ደረቅ ሆኖ ምልክቱ ካልጠፋ ነገሩ ሌላ ነው። ተንሳፋፊው በቆሻሻ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ስዊቹም ዝጎ ይሆናል። ስፒናው እንደ ተነቀለ ተንሳፋፊውን በእጅ እያነሡና እየጣሉ ስዊቹን በኦም ሜትር መለካት፣ ቀጥሎም ሽቦውንና መሰኪያውን ማየት ያስፈልጋል። ቦርዱ የሚጠረጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሆኖም በተግባር ሲታይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለወጠው ከዕቃዎቹ ሁሉ ውድ ከሆኑት አንዱ የሆነው ይኸው ቦርድ ነው፤ ትሪው ረጥቦ ሳለ አዲሱ ቦርድ የሚጽፈውም ያንኑ «ኢ 15» ነው።

ስዊቹን ከመስመር አውጥቶ መኪናውን ማሠራት ግን ስሕተት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ምልክቱ አይመለስም፤ ፓምፑም አይጮኽም። ውሃው ግን ትሪውን ሞልቶ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉም ወደ ታችኛው ፎቅ ጣሪያ ይወርዳል። ከመኪናው ሥር የኤሌክትሪክ መስመር፣ ፓምፖችና ወደ 2 ሺሕ ዋት የሚጠጋ ማሞቂያ መኖራቸውን ደግሞ ከዚህ ጉባኤ የሚዘነጋ የለም። ጉዳቱ የሚደርስበት የታችኛው ጎረቤት መኪናውን አልገዛውም፤ ባለሙያውንም አልጠራውም።

ሌሎቹም ምልክቶች በዚሁ መንገድ ሊነበቡ ይገባል። «ኢ 24» ውሃው በተመደበለት ጊዜ አልወጣም ይላል እንጂ ፓምፑ ሞተ አይልም፤ የታጠፈ ቱቦ ወይም ማጣሪያውን አልፎ የገባ የብርጭቆ ስባሪ ያንኑ ያስጽፋል። ከሰሜን አሜሪካ በመጡ መኪናዎች ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታሰባል። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 120 ቢያወርደውም 50 ኸርዙን ወደ 60 አያደርገውም፤ ስለሆነም ሲንክሮነስ የሆነ የፍሳሽ ፓምፕ ከተሠራበት ፍጥነት አንድ ስድስተኛውን አጥቶ ይዞራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፓምፑ ምንም ሳይጎድለው ውሃው ሊዘገይ ይችላል።

ወደ «ኢ 15» ስንመለስ፣ ማፍሰሻው ተገኝቶ ጋስኬቱ ወይም ቱቦው ከተለወጠ በኋላ መሸፈኛው ወዲያው አይታሰርም። መኪናው በውሃ ልክ ተስተካክሎ ይቆማል፤ ደረቅ ወረቀት እንደ ገና ይነጠፋል፤ ከፕሮግራሞቹም እጅግ የሚግለውና ረጅሙ ተመርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራል። ይህ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ስለሚችል የጊዜው ዋጋ ሥራው ሳይጀመር ለደንበኛው ሊነገረው ይገባል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ወረቀቱ ወጥቶ ለደንበኛው ይታያል፤ ደረቅ ከሆነም ብሎኖቹ ይታሰራሉ፤ ሂሳቡም የሚጠየቀው ያን ጊዜ ነው።